በተኩስ የሚተዳደር ሰው

«ቁጭ በል» የሚለኝን ሰው አልወድም። አትቀየሙኝና፣ ሰው ቤት ስሄድ መጀመሪያ የሚሉኝ ይህንኑ ነው፤ እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልበትም። ወንበሩ ላይ ትንሽ እንደቆየሁ እግሬ መወዛወዝ ይጀምራል። ከእግሬ ጠረጴዛው ይቀጥላል፣ ከዚያ ብርጭቆው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ወዲያኛው ሰልፍ የሚፈጥን ይመስለኝና እቀይራለሁ። የሄድኩበት ይቆማል፣ የተውኩት መንቀሳቀስ ይጀምራል። እመለሳለሁ። እንዲህ ስመላለስ ታክሲው ሁሉ አልቆብኝ ከመገናኛ አያት በእግሬ የደረስኩበት ቀን አለ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ፀጉር ልቆረጥ ገብቼ ግማሹን ተቆርጬ ወጥቻለሁ። መብራት ጠፋ። ፀጉር ቆራጩ ትንሽ ታገስ፣ አሁን ይመጣል አለኝ። ታግሼ ነበር። ምን ያህል ታገስክ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ። ብቻ ቀኑን በኮፍያ ዋልኩ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይዞ አደን ይወጣል? ያውም ለድኩላ፣ ያውም ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ እንስሳው አፍንጫው ሥር እስኪደርስ ድንጋይ ሆኖ ሊጠብቅ? ወሰዱኝ እኮ። ሚስት ፈልጌ ነው የሄድኩት።

ሥራዬን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ጣጣው ከሱ ነው የመጣው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ላውንደሪ አለኝ። እጥበቱን ማሽን ያጥበዋል፣ እኔ ተኩስ ላይ ነኝ። የቢሮ ሰው ሸሚዝ፣ የሆቴል አንሶላ፣ የሙሽራ ቬሎ፣ ያላለፈብኝ ጨርቅ የለም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ነው። ለእኔ የተፈጠረ ሥራ ነው ብላችሁ አትሳሳቱም።

ሰናይትን ያገኘኋት እዚያው ነው። ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች ባንዱ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ቀሚሷን ልትወስድ መጣችና አገላብጣ፣ አገላብጣ፣ እዚህ ጋ ታጥፏል አለችኝ። ከሷ በፊት እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። በንዴት ደግሜ ተኮስኩት። በሳምንቱ ሌላ ጉድለት አገኘችብኝ። እሷ ስታገኝ እኔ ሳስተካክል ከረምንና በመጨረሻ ሽማግሌ ይላክ ተባለ።

አባቷን ጋሽ ካሕሳይ እንበላቸው። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፣ ለማወቅ አትድከሙ። ጡረታ ወጥተው ከባለቤታቸው ከእትዬ ለተብርሃን ጋር አያት ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። በጉብዝናቸው ጊዜ ባሌ ጫካ ውስጥ፣ ፈረንጅ አዳኞች በሚሰፍሩበት ካምፕ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የድኩላ ቀንድ አለ፤ ከቀንዱ ሥር አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸለማቸው ጠመንጃ ተሰቅሏል። እትዬ ለተብርሃን ደግሞ ለእንግዳ ሁሉ፣ እንግዳው ገና ጫማውን እያወለቀ፣ እኔን ያገቡኝ በአዳኝነታቸው ነው ብለው ይጀምራሉ።

አዳኝ ሰው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምን ያደርጋል? ይቁነጠነጣል። ገና ሳላውቃቸው የወደድኳቸው በዚህ ነው። ጋሽ ካሕሳይ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ይወጡና ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያያሉ። ንፋሱን ምን ያደርጉታል? ምንም። ደረጃ ሲወርዱ ኮቴያቸው አይሰማም፤ ጎረቤት ዞር ሲል ጀርባው ላይ ቆመው ያገኛቸዋል። አንዲት ሴትዮ ደንግጣ ሙሉ የሽሮ ዕቃ ለቃለች። እሳቸው ደግሞ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ፣ አንቺ ከታች ጀምሮ ስትመጪ እሰማሻለሁ፣ በጣም ትረግጫለሽ አሏት።

እኚህ ሰው ዘንድ ነው ሽማግሌ የላክሁት። አፍ የሆኑልኝ ጋሽ በየነ ናቸው፤ ከሱቄ አጠገብ ጫማ ይሸጣሉ፣ አንድ ጥንድ ካልሲ ሲሸጡ እንኳ ንግግር ያደርጋሉ። ሌሎቹ ሁለቱ ራሳቸውን ለመነቅነቅ ነው የሄዱት። ጋሽ በየነ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡና፣ ልጃችን ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ ሰው አይጣላም፣ የሚተዳደረውም በተኩስ ነው አሉ።

ጋሽ ካሕሳይ ከሶፋው ተፈናጥረው ተነሡ። በተኩስ? አሉ። በተኩስ፣ ቦሌ ውስጥ ተኩስ ከተባለ የሚነሳው የሱ ስም ነው አሉ ጋሽ በየነ። መሣሪያው የራሱ ነው? የራሱ ነው፣ ጣሊያን ሠራሽ። ፈቃድስ አለው? በየዓመቱ ያሳድሳል። እጁስ? እጁ አይስትም፣ አንዴ ካለፈበት መድገም የለም። እዚህ ላይ ጋሽ ካሕሳይ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሽማግሌዎቹ፣ ላውንደሪ እንዲህ የሚያስደስተው አባት አይተን አናውቅም እያሉ እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ ውሳኔያቸውን ተናገሩ። ልጁን አንድ ቀን ስጡኝ፣ ቅዳሜ ጫካ ይዤው እወጣለሁ፣ አንድ ድኩላ በእኔ ጠመንጃ ከቅርብ ከጣለልኝ ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ካልጣለ ግን ወሬ ብቻ ነውና ሌላ ቤት ይሞክር። ቅዳሜ ምሳ ላይ መጥታችሁ መልሱን ስሙ አሉ።

ጋሽ በየነ ይህን ሲነግሩኝ ካውያው እጄ ላይ ነበር። የሰው ሸሚዝ ላቃጥል ምንም አልቀረኝም።

ሮጬ ሰናይትን አገኘኋት። ንገሪያቸው አልኳት። እንዴት ብዬ? አለችኝ። አባቷ በዚያችው ቀን ሕንጻውን በሙሉ ዞረው አማቼ አዳኝ ነው ብለው ተናግረዋል። አያት ከገቡ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየችም። እናቷም ቢላ አስለዋል። ስለዚህ ሂድ፣ አብረኸው ዙር፣ ደስ ይበለው አለችኝ። እፎይ ልል ስል ጣቷን አነሣች። አንድ እንስሳ ገድለህ ብትመጣ ግን እኔን አታገኘኝም፣ ቀለበትህን እዚያው ለድኩላው አስረህለት ና አለች። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልነበረም። ያቺን የታጠፈች ቦታ ያየችበት ዓይን ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። ከገደልኩ ልጅቷ የለችም፤ ካልገደልኩ አባትየው የሉም። በዚያ ላይ እንዲህ በዋዛ ድኩላ መግደል እንደሚያሳስር አውቃለሁ። በዚያ ላይ ጠመንጃ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም። እስከ ቅዳሜ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም፤ የሰፈሩን አንሶላ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ተኮስኩት።

ቅዳሜ ማለዳ አያት ስደርስ ጋሽ ካሕሳይ ጠመንጃውን በአሮጌ መጋረጃ ጠቅልለው ከሕንጻው ሥር ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ጥቅሉን አየና ምንድን ነው አላቸው። የመጋረጃ ዘንግ ነው አሉት ፈርጠም ብለው። ወደ ተራራው ሽቅብ ወስዶ መንገዱ ያለቀበት፣ ጫካው አፍ ላይ አወረደን። ግራ ቀኙን አየ። የት ልትሰቅሉት ነው? አለ። 

ባሕር ዛፉን እንዳለፍን ዋናው ጫካ ተቀበለን። ከላይ ጥድና ወይራ፣ ከሥር አጋምና ቀጋ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተጠላልፏል። ጋሽ ካሕሳይ እዚያ ሲገቡ ሌላ ሰው ሆኑ። ወገባቸው ቀና አለ፣ ያ መቁነጥነጥ ጠፋ። በሹክሹክታ ያስተምሩኝ ጀመር። ሜዳ ላይ አደን የዓይን ነው አሉ። እንዲህ ባለው ጫካ ግን ድኩላ ከሩቅ አይታይም፤ ካየኸው አጠገብህ ነው። ስለዚህ አንድ እግር ታነሳለህ፣ ታሳርፋለህ፣ ትቆማለህ። ምን ያህል ልቁም? አልኳቸው። መቆምህን እስክትረሳው ድረስ አሉኝ።

ይሄ ለእኔ ይነገራል?

አፈር ዘገን አድርገው በተን አደረጉና ንፋሱን አዩ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው አፍንጫቸውን ነፉ። ምንድን ነው የተቀባኸው? ምንም። አንገቴ ሥር ገብተው አሸተቱኝ። ሸሚዜ ነው፣ የልብስ ማለስለሻ ሽታ ነው። ቦሌን በሙሉ ይዘህብኝ መጣህ ብለው ተቆጡና የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው አለበሱኝ። ሲያለብሱኝ ኮሌታዬን ዳበስ አደረጉት። ማን ነው የተኮሰው? አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። ራስህ? ራሴ። እምም አሉ።

አንድ ግንድ ሥር ተቀመጥን። እንግዲህ መቀመጥ መጣ። ከፊታችን የድኩላ መሄጃ የሆነች ቀጭን መንገድ አለች፤ በዚያ ካላለፈ ሌላ ማለፊያ የለውም አሉ። እግሬ ጀመረው። ጋሽ ካሕሳይ ጉልበቴን በእጃቸው ያዙልኝ። ሌላኛው ጀመረ። እሱንም ያዙት። ጣቶቼ ተነሡ። ሦስተኛ እጅ ስለሌላቸው በዓይናቸው ገሠጹኝ። ጉንዳን ካልሲዬ ውስጥ ገባ፣ ዝም አልኩ። አፍንጫዬን በላኝ፣ ዝም አልኩ። ልቤ ግን ዝም አላለም። ባይመጣስ? ሰናይት አለችኝ፣ አባቷ የሉም። ቢመጣስ? አባቷ አሉ፣ ሰናይት የለችም። ባይመጣ ይሻላል ብዬ ሳልጨርስ አሁን ይምጣና ይለቅልኝ እላለሁ። እንደዚያ ቀን መኖር የከበደኝ ጊዜ የለም።

በስተግራ ውሻ ጮኸ። የማን ውሻ ነው? አልኩ። ድኩላ ነው፣ ሲጠረጥር እንደዚያ ነው የሚጮኸው አሉኝ በከንፈራቸው ብቻ። እኔ ድኩላ እንደ ፍየል የሚጮህ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቅጠሉ ተከፈተና ወጣ። ጥቁር ወንድ ድኩላ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። ከአጠገባችን ነው ስላችሁ በእውነት አጠገባችን ነው፤ እጄን ብዘረጋ ግንባሩን እነካዋለሁ። ቅጠል እያኘከ ነው። የዓይኑን ሽፋሽፍት አየሁት። እንዲህ ያማረ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ጋሽ ካሕሳይ ጠመንጃውን ቀስ አድርገው ጭኔ ላይ አሳረፉልኝና ጆሮዬ ሥር መጡ።

«አጉርሰው» አሉኝ።

አጉርሰው? ግራ ገባኝ። ግን አዳኙ እሳቸው ናቸው፣ የሚያውቁት ነገር ይኖራል አልኩ። መጀመሪያ ማለማመድ ይሆናል አልኩ። ሰናይት ለመንገድ ያስያዘችኝ ዳቦ ኪሴ ውስጥ አለ። ጠመንጃውን ወደ ጎን አደረግኩ፣ ዳቦውን ቆረስኩ፣ እጄን ዘርግቼ ለድኩላው አቀረብኩለት።

ድኩላው ማኘኩን አቆመ። ዳቦውን አየ፣ እኔን አየ። ጋሽ ካሕሳይም ዳቦውን አዩ፣ እኔን አዩ። ድኩላው የማይቀበል መሆኑ ሲገባኝ፣ በእኛ አገር ለእምቢተኛ እንደሚባለው፣ «በሞቴ» አልኩት።

አንዴ ጮኸና ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

 ምን እያደረግህ ነው? አሉኝ ጋሽ ካሕሳይ። አጉርሰው ብለውኝ ነዋ አልኩ። ጠመንጃውን! ጠመንጃውን ጥይት አጉርስ ማለቴ ነው! አሉ። ጥይቱ የታለ? አልኩ። አንተ አልያዝክም እንዴ? ተኳሽ ያለ ጥይት ይመጣል ብዬ በምን ልጠርጥር? አሉኝ። ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻልኩም። አባባ፣ እኔ ልብስ ነው የምተኩሰው አልኳቸው። ላውንደሪ ነው ያለኝ። መሣሪያው ካውያ ነው።

የሚመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰናይትን እዚያ ጫካ ውስጥ ያጣኋት መሰለኝ፤ አለቅሳለሁ ብዬም ፈራሁ። ምንም ድምፅ ስላልሰማሁ ገለጥኩት። ጋሽ ካሕሳይ ግንዱን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

«እኔም» አሉ።

እንዴት እርስዎም? አልኳቸው። እኔም ልብስ ነበር የምተኩሰው አሉኝ። ካምፑ ውስጥ የፈረንጆቹን ካኪ የሚያጥቡትና በከሰል ካውያ የሚተኩሱት እሳቸው ነበሩ። አዳኞቹ ጫካ ሲገቡ ካፖርት ተሸክመው ከኋላ ይከተሏቸዋል፤ ንፋሱንም እርምጃውንም የተማሩት እንደዚያ እያዩ ነው። እትዬ ለተብርሃን ቤት የላኳቸው ሽማግሌዎች ልጃችን የአደን ካምፕ ውስጥ ተኩስ ላይ ነው የሚሠራው አሉ። የልጅቱ አባት ተነሥተው ሽማግሌዎቹን አቀፏቸው። ማን ያስተባብላል? ልጅቱን ሰጧቸው፤ ውሎ ሲያድርም ለመናገር ጊዜው አለፈ። ያ ጠመንጃ ጥይት ኖሮት አያውቅም፣ በየት እንደሚከፈትም እሳቸው አያውቁም። ታዲያ ለምን አመጡኝ? አልኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ሲተኩስ ከኋላ ሆኜ አየሁ፣ አንድ ቀን የራሴ ሰው ሲተኩስ ልይ ብዬ ነው አሉ።

ይህን ሲሉ አንጀቴን በሉት። ዳቦውን ለሁለት ከፈልኩትና በላን።

ስንወርድ ወኔያቸው ተመለሰ። ጥሎታል ነው የምለው አሉ። ቆስሎ ገደል ገባ፣ አጣነው እላለሁ፤ አንተም አዳኝ ሆነህ ትቀራለህ፣ እኔም አላፍርም። ይሄኔ የሰናይትን ቃል ነገርኳቸው። ገድለህ ብትመጣ አታገኘኝም ማለቷን ሲሰሙ እንደገና ቆሙ። ከልቧ ነው? አሉ። ከልቧ ነው አልኩ። ልጃቸውን ያውቋታል። ባጃጅ እስክናገኝ፣ ባጃጁም ሕንጻው ሥር እስኪያወርደን ድረስ ሲያወጡ ሲያወርዱ ነበር። አማቼ ጣለ ቢሉ ልጃቸው ትቀራለች። አማቼ ላውንደሪ ነው ቢሉ፣ ተኩስ የሚለው ቃል በእትዬ ለተብርሃን ፊት ተመንዝሮ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ያውቃሉ።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ጋሽ በየነና ሁለቱ ራስ ነቅናቂዎች ሶፋው ላይ ናቸው። ጎረቤቱ በር ላይ ቆሟል። እትዬ ለተብርሃን ትልቅ ትሪ ታቅፈው ሥጋው ከኋላ ይመጣል? አሉ። ሰናይት ከጓዳው በር ላይ ሆና እጄን፣ እጅጌዬን፣ ሱሪዬን ትመረምራለች። ደም እየፈለገች ነው። ጋሽ በየነ ተነሡና፣ እንግዲህ የልጃችንን ሙያ ከአንደበትዎ እንስማ አሉ።

ጋሽ ካሕሳይ መጋረጃውን ፈትተው ጠመንጃውን ወደ ቦታው ሰቀሉ። ጊዜ ወሰዱ። እግሬ ብቻውን ይንቀሳቀሳል።

«ሳተ» አሉ።

 ጋሽ በየነ ፊታቸው ተለዋወጠ። እጁ አይስትም ብለው ያወሩት እሳቸው ናቸው። ቃል ቃል ነውና ኮፍያቸውን አንሥተው ለመውጣት ተሰናዱ፤ ራስ ነቅናቂዎቹም አብረው ተነሡ። ሰናይት ከጓዳው በር አንድ እርምጃ ወጣች። 

ተቀመጡ አሏቸው ጋሽ ካሕሳይ። ድኩላው ከእኔ እስከዚህ ፍሪጅ ባለ ርቀት ቆሞ ነበር አሉ። ቆሞ ያየዋል፣ ይሄም ቆሞ ያየዋል። ሳተው። በዕድሜዬ ብዙ ተኳሽ አይቻለሁ፣ እንዲህ የሚስት ሰው ግን አላየሁም። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ከዚህ ርቀት ድኩላ የማይመታ ሰው ልጄን በምን ሊጎዳት ይችላል? ሰጥቻለሁ አሉ።

እትዬ ለተብርሃን ትሪውን አስቀምጠው እልል አሉ። ጎረቤቱ ተቀበላቸው። ሰናይት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች፤ ላለቅስ ስል አይታኛለች።

ደስ ብሎኛል፣ እንዴት ደስ አይለኝ? ግን ያ ሁሉ ሰው ተራ በተራ እየመጣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ አይዞህ፣ ያጋጥማል ይለኝ ጀመር። ጋሽ በየነ ጥግ አስይዘውኝ እንዴት ሰው ከፍሪጅ ቅርበት ይስታል፣ አዋረድከን አሉኝ። እስከ ዛሬ አያት ብቅ ባልኩ ቁጥር ያ የሳተው ልጅ መጣ ይባላል። ጥይት እንዳልነበረን አውቃለሁ። ጠመንጃውን ወደ ጎን አድርጌ ዳቦ እንደዘረጋሁም አልረሳሁትም። ቢሆንም ያንገበግበኛል፤ አንዳንዴ ሸሚዝ እየተኮስኩ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እናደዳለሁ።

እኔ እኮ ብተኩስ ኖሮ አልስተውም ነበር።